ግድግዳ የሌላቸው ክፍሎች፦ አርኤንኤ በሽል ህዋስ ኒውክሊየስ ውስጥ

በ1950ዎቹ መጨረሻ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተመራማሪው ፊሽበርግ ቡድን በሚያረባቸው የአፍሪካ እንቁራሪቶች ላይ አንድ ያልተለመደ ባሕርይ ታየ። በጤነኛ እንቁራሪት ህዋስ ኒውክሊየስ ውስጥ ኒውክሊዮለስ የሚባሉ እስከ ሁለት የሚደርሱ አካላት ይገኛሉ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ግን ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነበር። እነዚህ እርስ በርስ ሲዳቀሉ ከአራት ሽል አንዱ ያለ ምንም ኒውክሊዮለስ ተፈጠረ። የሚገርመው እነዚህ ሽሎች ወዲያው አለመሞታቸው ነው። ተከፋፈሉ፣ ራስና ጅራት አወጡ፣ ከእንቁላሉ ሽፋን ወጥተው ዋኙ፤ የሞቱት ከዚያ በኋላ ነው። በ1964 ዶናልድ ብራውንና ጆን ገርደን ምክንያቱን አሳወቁ፦ ሽሎቹ የራይቦዞም አርኤንኤ ፈጽሞ አይሠሩም፤ እስከዚያ የኖሩት እናት እንቁላሉ ውስጥ ባኖረችላቸው ራይቦዞም ነው። በ1966 ደግሞ ዋላስና በርንስቲል የራይቦዞም አርኤንኤ ጂኖች ከክሮሞዞማቸው ላይ የጠፉ መሆናቸውን አሳዩ።

ከዚህ የቆየ ሙከራ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ኒውክሊዮለስ አስቀድሞ ተሠርቶ አርኤንኤ የሚጨመርበት ዕቃ አይደለም፤ አርኤንኤው ከሚቀዳበት ጂን ጋር የተያያዘ፣ ጂኑ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ አካል ነው። ሁለተኛ፣ ሽል የራሱን የራይቦዞም ጂኖች ሳያነብ ረጅም መንገድ ሊጓዝ ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ይህ ዳሰሳ የሚከታተለውን ጥያቄ ያስነሳሉ። የራሱን አርኤንኤ ገና ያልቀዳ ኒውክሊየስ ውስጡ ምን ይመስላል? ቅጂው ሲጀመርስ ያ ስፍራ ሥርዓት የሚይዘው በምን መንገድ ነው?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በሰው ህዋስ ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዲኤንኤ ከሚሊሜትር መቶኛ በማይበልጥ ክብ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። በዚያ ክብ ውስጥ አንዱን ሥራ ከሌላው የሚለይ ሽፋን የለም። ሆኖም ሥራው ቦታ ቦታውን ይዟል፤ የራይቦዞም አርኤንኤ በኒውክሊዮለስ ውስጥ ይዘጋጃል፣ የሂስቶን ጂኖች ግልባጭ በራሱ ትንሽ አካል ውስጥ ይሠራል፣ ግልባጭን ቆርጠው የሚቀጥሉት ፕሮቲኖች ደግሞ በየጥጉ ተሰብስበው ይታያሉ። መርካቶን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለማሰብ አይቸገርም፤ በርበሬ ተራን ከቅቤ ተራ የሚለይ ግንብ የለም፣ ሻጩም ገዢውም ግን የት እንደሚሄድ ያውቃል። የተራው ሥርዓት የሚጸናው ዕቃው እዚያ ስለሚራገፍ ነው።

ስለ አርኤንኤ በትምህርት ቤት የሚነገረን አንድ ነገር ነው፦ ከዲኤንኤ ተቀድቶ፣ ከኒውክሊየስ ወጥቶ፣ ለፕሮቲን ሥራ መመሪያ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው የሚለው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። በኒውክሊየስ ውስጥ ካለው አርኤንኤ ብዙው ከዚያ አይወጣም። ከግልባጩ ተቆርጠው የሚወጡት ኢንትሮኖች፣ ፕሮቲን የማይሠራባቸው ብዙ ረጃጅም አርኤንኤዎች፣ በጂኖሙ ውስጥ በሺዎች ጊዜ ከተደጋገሙ ክፍሎች የሚቀዱት፣ በአብዛኛው እዚያው ተቀድተው እዚያው ያልቃሉ። የሽል ኒውክሊየስ ታሪክ በአብዛኛው የእነዚህ ታሪክ ነው።

ሽል የራሱን ጂኖች ሳያነብ የሚቆይበት ዝምታ ርዝመቱ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። በአይጥ የመጀመሪያው ደካማ ቅጂ የሚሰማው እንቁላሉ ገና አንድ ህዋስ ሳለ ነው፤ ዋናው በሁለት ህዋስ ደረጃ ይመጣል። በሰው ዋናው ንባብ የሚጀመረው በአራትና በስምንት ህዋስ መካከል መሆኑን የፒተር ብሮድ ቡድን በ1988 አሳይቷል፤ በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ ዝቅተኛ ቅጂ በአንድ ህዋስ ደረጃም እንዳለ አመልክቷል። እንቁራሪት አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ተከፋፍላ አራት ሺህ ገደማ ህዋስ እስክትሆን ትጠብቃለች፤ ይህን ኒውፖርትና ኪርሽነር በ1982 በዝርዝር ጽፈውታል። ዜብራ ዓሣ ሺህ ህዋስ አካባቢ፣ ከተዳቀለ ሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ ይነቃል። የፍራፍሬ ዝንብ ደግሞ አሥራ ሦስት ጊዜ ኒውክሊየሱን ብቻ ይከፋፍላል፤ ስድስት ሺህ ገደማ ኒውክሊየሶች በአንድ የጋራ ፈሳሽ ውስጥ ተደርድረው ሳለ ዋናው ቅጂ ይጀመራል።

ጊዜ የሚቆርጠው ግልባጭ

ብዙ ጽሑፎች ችላ የሚሉት፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ጉዳይ ጊዜ ነው። የዝንብ ሽል የመጀመሪያዎቹ የክፍፍል ዙሮች እያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዲኤንኤው ተባዝቶ፣ ክሮሞዞሞቹ ተጠቅልለው፣ ኒውክሊየሱ ተከፍሎ መጨረስ አለበት። አርኤንኤ የሚቀዳው ፖሊመሬዝ በበኩሉ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 2,500 ፊደል ገደማ ነው የሚጓዘው። አልትራባይቶራክስ የተባለው የዝንብ ጂን 77,000 ያህል ፊደል አለው። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ቅጂው ሳያልቅ ኒውክሊየሱ ይከፈላል።

ሸርሞንና ኦፋሬል በ1991 ያሳዩት ይህንኑ ነው። የጂኑን መጀመሪያ የሚለይ አንድ ምልክት፣ መጨረሻውን የሚለይ ሌላ ምልክት አዘጋጅተው የዝንብ ሽል ውስጥ ተመለከቱ። በኒውክሊየሱ ውስጥ ነጥቦች ታዩ፤ ነጥቦቹ በጂኑ ላይ እንደተንጠለጠሉ ያሉ ያላለቁ ግልባጮች ናቸው። የመጀመሪያው ምልክት ቀድሞ ይታያል፣ መጨረሻው ዘግይቶ። ክፍፍል ሲመጣ ያላለቀው ሁሉ ተጥሎ ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ዙር ቅጂው ከሀ ይጀመራል።

በሚቀጥለው ዓመት የሄርበርት ያክለ ቡድን በዚህ ላይ አንድ ውብ ሙከራ ጨመረ። ክኒርፕስ የተባለው ጂን ለዝንብ ሽል አካል ክፍፍል አስፈላጊ ነው። ተመሳሳይ ፕሮቲን የሚሠራ ዘመድ ጂን አለው፤ ግን ክኒርፕስ ሲጠፋ ዘመዱ አይተካውም። ልዩነቱ ርዝመት ነው፤ ክኒርፕስ 3,000 ፊደል ገደማ፣ ዘመዱ 23,000። ተመራማሪዎቹ የረጅሙን ጂን ኢንትሮኖች አውጥተው አጭር አድርገው ሲያስገቡት ሽሉን አዳነ። ፕሮቲኑ ችሎታ አልጎደለውም፤ የጎደለው ጊዜ ነበር። ዝንብ በመጀመሪያ የምታነባቸው ጂኖች በአብዛኛው አጫጭርና ኢንትሮን አልባ የሆኑትም ለዚህ ነው።

ይህ ለጥያቄያችን ትልቅ ትርጉም አለው። በሽል ኒውክሊየስ ውስጥ አንድ ግልባጭ የሚቆይበት ቦታና ዕድሜ የሚወሰነው በራሱ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን ህዋሱ በሚሰጠው ደቂቃም ጭምር ነው። ከ2013 ጀምሮ ይህን በሕያው ሽል ላይ ማየት ተችሏል። የፕሪንስተን እና የፓሪስ ቡድኖች ኤምኤስ2 ከተባለ ቫይረስ የተወሰደ የአርኤንኤ ቁራጭ ሃንችባክ በተባለው የዝንብ ጂን ላይ ቀጥለው፣ ቁራጩን የሚይዝ የሚያበራ ፕሮቲን ጨምረው፣ ግልባጩ ሲወለድ በማይክሮስኮፕ ተከታተሉት። ነጥቡ ይበራል፣ ይደምቃል፣ ክፍፍል ሲመጣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል። ያን ፊልም ያየ ሰው ኒውክሊየስን እንደ ረጋ ሥዕል ማሰብ አይችልም።

በአይጥ ጊዜ ችግር አይደለም፤ አንዱ ዙር ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሆኖም የመጀመሪያው ቅጂ ሌላ ጉድለት አለው። የአቤና የአኦኪ ቡድን በ2015 እንዳሳየው፣ በአንድ ህዋስ ደረጃ ያለው የአይጥ ንባብ ዝርክርክ ነው፤ ከጂኖች ብቻ ሳይሆን በጂኖች መካከል ካለው ሰፊ ቦታም ይቀዳል፣ ኢንትሮኖቹ በደንብ አይወጡም፣ የግልባጩ ጫፍም በሥርዓት አይዘጋም። ከዚህ የሚገኘው አርኤንኤ አብዛኛው ለፕሮቲን ሥራ አይበቃም። ብዙዎች ይህን እንደ ሽሉ አለመብሰል ያዩታል። እኔ ግን ከዚህ በታች ባሉት ሥራዎች የተነሳ፣ ቢያንስ የተወሰነው አርኤንኤ መልእክት ሳይሆን ለቦታው ለራሱ የሚያገለግል ነው ብዬ አምናለሁ።

ኒውክሊዮለስ፦ ቦታውን የሚመርጠው ማን ነው?

ወደ ኒውክሊዮለስ እንመለስ፤ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ያለው እዚህ ነው። በ2009 የክሊፍ ብራንጉዊን ሥራ በአንድ ህዋስ የትል ሽል ውስጥ ያሉ ፒ ግራኑል የተባሉ የአርኤንኤና የፕሮቲን ስብስቦች እንደ ፈሳሽ ጠብታ እንደሚዋሃዱና እንደሚንጠባጠቡ አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ያሉ ኒውክሊዮለሶችም እንዲሁ እንደሚሆኑ ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ የሚለው ሐሳብ መስኩን ሁሉ ወረረ።

በሽል ላይ የተደረገው ጥሩ ፈተና የመጣው ከዝንብ ነው። ፋላሃቲና ዊሻውስ በ2016 የራይቦዞም አርኤንኤ ጂን የሌላቸውን የዝንብ ሽሎች ተመለከቱ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ፕሮቲኖቹ በራሳቸው ጠብታ የሚሠሩ ከሆነ ጂኑ ባይኖርም መሰብሰብ አለባቸው። በእርግጥም ተሰበሰቡ፤ ነገር ግን ቁጥራቸው፣ ቦታቸውና ጊዜያቸው በዘፈቀደ የሚለያይ ነበር። ጂኑ ባለበት ሽል ውስጥ ግን ኒውክሊዮለስ በተወሰነ ደቂቃ፣ በተወሰነ ስፍራ ይታያል። በትል ሽል ላይ በ2015 የታተመው የቤሪና የብራንጉዊን ሥራም ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል፦ የራይቦዞም አርኤንኤ ቅጂ ሲቀንስ ጠብታዎቹ አይጠፉም፣ ግን ቦታቸውን ይስታሉ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ፕሮቲን የመሰብሰብ አቅም አለው፤ መቼና የት የሚለውን የሚወስነው አርኤንኤው ነው። ጠብታ በራሱ መልስ ነው ብለው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ልዩነት ያልፉታል።

አይጥ ደግሞ ሌላውን ገጽ ታሳየናለች። በተዳቀለ የአይጥ እንቁላል ውስጥ ከእናት የመጡ ክብና ድቡልቡል አካላት አሉ፤ የኒውክሊዮለስ ቀዳሚዎች ይባላሉ፣ ግን የራይቦዞም አርኤንኤ አይቀዳባቸውም። በ2008 የኦጉሺ ቡድን ካልበሰለ የአይጥ እንቁላል ውስጥ ኒውክሊዮለሱን በመርፌ አወጣ። እንቁላሉ በሰለ፣ ተዳቀለም፤ ሽሉ ግን ኒውክሊዮለስ መሥራት አቅቶት ብዙም ሳይሄድ ቆመ። ያወጡትን ሲመልሱለት ዳነ። በ2017 ያው ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ኤንፒኤም2 የተባለ አንድ ፕሮቲን ብቻ ያን አካል መልሶ ሊገነባ እንደሚችል አሳየች። እንግዲህ በእንቁራሪት ያለ ጂኑ ኒውክሊዮለስ የለም፤ በአይጥ ደግሞ ያለ አርኤንኤ ቅጂ የሚቆም፣ ከእናት የተወረሰ የፕሮቲን እምብርት አለ። ሁለቱ አይጋጩም። እናት ቁሱን ትሰጣለች፤ ሽሉ በራሱ ቅጂ ያሠማራዋል።

በመጀመሪያ የሚነበበው ምን ያደርጋል?

ዜብራ ዓሣ ከሁሉ ቀድሞ በብዛት የሚያነበው ሚር-430 የተባለውን የትንንሽ አርኤንኤ ስብስብ ነው። የአንቶኒዮ ሂራልዴዝ ቡድን በ2006 እንዳሳየው፣ ይህ አርኤንኤ እናት ያኖረቻቸውን ብዙ መቶ ግልባጮች ያጸዳል። ስለ ኒውክሊየሱ ስንጠይቅ ግን ትኩረት የሚስበው ቦታው ነው። ይህ ጂን በአንድ ክሮሞዞም ላይ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ተቀምጧል፤ ሲነበብም በኒውክሊየሱ ውስጥ ሁለት ደማቅ ነጥቦች ይታያሉ፣ በእያንዳንዱ የክሮሞዞም ቅጂ ላይ አንድ። በ2019 የፌሬንትስ ሙለርና የሂራልዴዝ ቡድኖች ለየብቻ በሕያው ሽል ላይ አይተውታል።

የናዲን ቫስተንሃውና ባልደረቦቿ የ2021 ሥራ ከዚህ አልፎ ሄደ። የዜብራ ዓሣ ሽል ህዋስ ውስጥ ዲኤንኤው የተዘበራረቀ አይደለም፤ ሲነበብ፣ አዲስ የተወለደው አርኤንኤ ከሚይዙት ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ የማይነበበውን ዲኤንኤ ይገፋል፤ የሚነበበው ዲኤንኤ ግን ከፖሊመሬዙ ጋር ስለተያዘ በመካከሉ ይቀራል። ውጤቱ ደቃቅ የሆነ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ክፍልፋይ ነው። ቅጂው ሲታገድ ይህ መልክ ይለወጣል። በሌላ አነጋገር፣ ኒውክሊየሱ ውስጥ ያለውን የዲኤንኤ አቀማመጥ የሚቀርጸው መነበቡ ራሱ ነው። በ2024 ያው ቡድን የሚር-430 ነጥቦች ሲዲኬ9 የተባለውን ለቅጂ የሚያስፈልግ ኢንዛይም ወደራሳቸው እንደሚሰበስቡና በሌሎች ጂኖች ላይ ጫና እንደሚያደርጉ ጽፏል። ነጥቦቹ ሲበተኑ የሌሎች ጂኖች ንባብ ይቀየራል። ይህ ለኔ ከመስኩ ጠንካራ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ነጥቡን ማሳየት ብቻ አልበቃውም፣ ነጥቡ ባይኖር ምን እንደሚሆንም ጠይቋል።

በአይጥ ተደጋጋሚ ክፍሎች ተራውን ይወስዳሉ። በሴንትሮመር አካባቢ ያሉት ሳተላይት የሚባሉ ድግግሞሾች በሁለት ህዋስ ደረጃ በድንገት በብዛት ይቀዳሉ። የጄንቪየቭ አልሙዝኒ ቡድን በ2010 ይህን አርኤንኤ በሰው ሠራሽ ሰንሰለት ሲያግደው፣ ሽሉ ሴንትሮመሮቹን በአንድ ላይ የሚሰበስቡትን ክሮሞሴንተር የተባሉ ስብስቦች ሳይሠራ ቆመ። ፕሮቲን የማይሠራበት፣ ለረጅም ጊዜ ቆሻሻ የተባለ አርኤንኤ ሲታገድ የኒውክሊየሱ አሠራር ተሰናከለ።

ቀጥሎ የመጣው ላይን-1 ነው። ይህ ራሱን ገልብጦ ወደ ሌላ ቦታ የሚዘል የዲኤንኤ ዝርያ ሲሆን ከሰው ጂኖም 17 በመቶ ገደማ ይይዛል። ከማዳቀል በኋላ በአይጥ ሽል ውስጥ በብዛት ይነበባል፣ ከዚያ ይወርዳል። የማሪያ ኤሌና ቶሬስ-ፓዲያ ቡድን በ2017 ንባቡን ያለጊዜው ሲያጠፋም፣ ከጊዜው በላይ ሲያቆይም፣ ሽሉ በሁለቱም መንገድ ተጎዳ፤ የተቀየረው የዲኤንኤው ክፍትነት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚጌል ራማልዮ-ሳንቶስ ቡድን የላይን-1 አርኤንኤ ኒውክሊዮሊን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ሆኖ ዱክስ የተባለውን የሁለት ህዋስ ደረጃ ጂን እንደሚያጠፋና የራይቦዞም አርኤንኤ ቅጂን እንደሚያግዝ አሳየ። አርኤንኤው ሲወገድ አብዛኞቹ ሽሎች ከሁለት ህዋስ አላለፉም። በሁለቱ ሥራዎች መካከል አንድ ክፍተት አለ፦ የመጀመሪያው ንባቡን ነው የነካው፣ ሁለተኛው አርኤንኤውን። ንባቡ ራሱ ዲኤንኤውን ሊከፍት ይችላል፤ አርኤንኤው ደግሞ ለብቻው ሌላ ሥራ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱን የሚለይ ሙከራ ሁሉ በዚህ መስክ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ነአት-1 የተባለው ረጅም አርኤንኤ ፓራስፔክል የተባሉ አካላትን ይገነባል። የማግዳሌና ዘርኒትስካ-ጎዬትስ ቡድን በ2018 እነዚህ አካላት በአይጥ ሽል አራት ህዋስ ደረጃ እንዳሉና ነአት-1 ሲወገድ ሽሉ ከ16 እስከ 32 ህዋስ ሲደርስ እንደሚቆም ዘግቧል። በሌላ በኩል ቼንና ካርማይክል በ2009 ከሰው ሽል የተገኙ ግንድ ህዋሶች ፓራስፔክል እንደሌላቸው አሳይተዋል። እንስሳው ሌላ ነው፣ ደረጃውም ሌላ ነው። አንድ ወጥ ታሪክ ለማውጣት መቸኮል አያስፈልግም።

ኤግዚስት፦ ያው አርኤንኤ፣ ሌላ ሥራ

ከሁሉ የበለጠ የተጠናው የኒውክሊየስ አርኤንኤ ኤግዚስት ነው። ሴት አጥቢ እንስሳት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ሲኖራቸው አንደኛው ዝም እንደሚል ሜሪ ላዮን በ1961 ሐሳብ አቀረበች። በ1991 ኤግዚስት ተገኘ፤ ዝም ከሚለው ክሮሞዞም ላይ የሚቀዳ፣ 17,000 ፊደል ያህል ያለው፣ ፕሮቲን የማይሠራበት አርኤንኤ። ከተቀዳበት ቦታ ተነስቶ ያንኑ ክሮሞዞም እንደ ደመና ይሸፍናል፤ ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም። በ2015 ብዙ ቡድኖች ስፔን የተባለውን ፕሮቲን ዋነኛ አጋሩ አድርገው ለዩት። በ2021 በአይጥ ግንድ ህዋሶች ላይ የተደረገ ቆጠራ ደግሞ ሥራው በ50 ገደማ ቦታዎች በጥቂት ሞለኪውሎች እንደሚጀመር አሳየ። ከመቶ ያህል የማይበልጡ ሞለኪውሎች ሙሉ ክሮሞዞም ዝም ያሰኛሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው ብዙ ፕሮቲን ወደ አንድ ስፍራ ይጠራሉ።

በአይጥ ሽል ውስጥ ታሪኩ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ከአራት ህዋስ ጀምሮ ከአባት የመጣው ኤክስ በኤግዚስት ይሸፈናል። የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ህዋሶች ይህን ይዘው ይቀጥላሉ። አካሉን የሚሠሩት ህዋሶች ግን ሽፋኑን አንስተው ሁለቱንም ኤክስ ያነቃሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ህዋስ በዕጣ አንዱን ይመርጣል።

ለብዙ ዓመታት ሰውም እንዲሁ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ኢኩሂሮ ኦካሞቶና ኤዲት ኸርድ በ2011 የጥንቸልና የሰው ሽል ሲመለከቱ ያገኙት ሌላ ነው። በሰው ሽል ውስጥ ኤግዚስት በሴቷ ሁለቱም ኤክስ ላይ፣ በወንዱም አንድ ኤክስ ላይ ይከማቻል፤ ጂኖቹ ግን ይነበባሉ። ደመናው አለ፣ ዝምታው የለም። በኋላ የክሌር ሩዤል ቡድን ኤግዛክት የተባለ ሌላ አርኤንኤ ያንኑ ክሮሞዞም እንደሚሸፍንና ከኤግዚስት ጋር እንደሚፎካከር አሳየ፤ ይህ አርኤንኤ በአይጥ የለም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። ያው አርኤንኤ፣ ያው ክሮሞዞም፣ በማይክሮስኮፕ ተመሳሳይ የሚመስል ደመና፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ። አርኤንኤ አንድ ቦታ ተሰብስቦ መታየቱ ሥራውን አይነግረንም። በየመጽሔቱ የሚያማምሩ ሥዕሎች ሲወጡ ይህን የሚያስታውስ ጸሐፊ ጥቂት ነው።

ማየት የተቻለበት መንገድ

አርኤንኤን በቦታው የማየት ጥበብ ራሱ የተወለደው ከእንቁላል ነው። በ1969 ጆሴፍ ጋልና ሜሪ ሉ ፓርዱ በሬዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገበት የራይቦዞም አርኤንኤ ተጠቅመው በእንቁራሪት እንቁላል ኒውክሊየስ ውስጥ የራይቦዞም ጂኖች ያሉበትን ቦታ አዩ። የመረጡት እንቁላል ትክክለኛ ነበር፤ በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ እነዚህ ጂኖች ተባዝተው ከሺህ በላይ ኒውክሊዮለስ ይሠራሉ። ኒውክሊየሱም በባዶ ዓይን የሚታይ ነው፣ ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ይጠጋል። ይህን ያህል ሲሰፋ የመሬት ስበት እንኳ ያገኘዋል፦ ፌሪክና ብራንጉዊን በ2013 በኒውክሊየሱ ውስጥ ያለውን የአክቲን መረብ ሲያፈርሱ ኒውክሊዮለሶቹ ወደ ታች ሰጥመው ተዋሃዱ።

ዛሬ በአንድ ህዋስ ውስጥ ከአሥር ሺህ በላይ ጂኖች በሚነበቡበት ቦታ ማየት ይቻላል። በ2021 የሚቸል ጉትማን ቡድን በኒውክሊየስ ውስጥ የትኛው አርኤንኤ ከየትኛው ዲኤንኤ አጠገብ እንዳለ በጅምላ የሚለይ ዘዴ አወጣ። ዋና ግኝቱ ብዙው ፕሮቲን የማይሠራበት አርኤንኤ በተወለደበት አካባቢ በከፍተኛ መጠን ተከማችቶ መቅረቱ ነው። ይህ ሁሉንም ከላይ ያነሳኋቸውን ሥራዎች ያገናኛል። ፕሮቲን ከኒውክሊየስ ውጭ ተሠርቶ ተመልሶ ይገባል፤ አድራሻ ይዞ አይወለድም። አርኤንኤ ግን የሚወለደው በጂኑ ላይ ነው፤ አድራሻው ከመጀመሪያው ተሰጥቶታል። ሽል ጂኖቹን ማንበብ ሲጀምር ኒውክሊየሱ ሥርዓት የሚይዘው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግን ይህ ጥናት የተሠራው በብዙ የአይጥ ግንድ ህዋሶች ላይ ነው። ግንድ ህዋስ ሽል አይደለም። በሳህን ላይ ለትውልድ ትውልድ የተባዛ፣ ሥርዓቱን አስቀድሞ የያዘ ህዋስ ነው። የሁለት ህዋስ ሽል ሁለት ኒውክሊየስ ብቻ አለው፤ ዘዴዎቹ ደግሞ ብዙ ህዋስ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሽል የሚል ርዕስ ይዘው የሚወጡ ብዙ ሥራዎች ውስጣቸው ሲታይ ግንድ ህዋስ ናቸው።

ጠብታ የሚለው ማብራሪያም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የማክስዊገን፣ ሚር፣ ዳርዛክና ትጂያን የ2019 ግምገማ እንደጻፈው፣ አንድ ነገር ክብ ሆኖ ስለታየና ብርሃኑ በሌዘር ከጠፋ በኋላ ስለተመለሰ ብቻ ፈሳሽ ነው ማለት አይቻልም። የሪቻርድ ያንግ ቡድን በ2021 ደግሞ ትንሽ አርኤንኤ ስብስብን እንደሚያበረታታ፣ ብዙ አርኤንኤ ግን እንደሚበትን አሳይቷል። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ በሽል ውስጥ ቅጂ የሚጀመርበትን ቅጽበት የሚመስል ነገር አለው። ግን በሽል ላይ መለካት አለበት።

በሰው ላይ ያለው ችግር የበለጠ ነው። ለጥናት የሚገኘው በአብዛኛው በላቦራቶሪ ማዳቀል ከተጠቀሙ ጥንዶች በፈቃዳቸው የሚሰጥ ሽል ነው። በ1984 በብሪታንያ የዋርኖክ ኮሚቴ ያቀረበው የ14 ቀን ገደብ በብዙ አገር ሕግ ወይም መመሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ጊዜ ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ስለሚያልቅ ዋናው እጥረት የቀን ሳይሆን የሽል ነው። ጥቂት ሽል፣ ከተለያዩ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ጤነኛ ስለመሆናቸው እርግጠኛ መሆን የማይቻል። ከእነዚህ የሚወጣ መረጃ የከበረ ነው፤ ብቻውን ግን ፍርድ ለመስጠት አይበቃም።

ስለዚህ አንባቢን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ስለ ሽል ኒውክሊየስ አዲስ ግኝት የሚል ዜና ሲያጋጥማችሁ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የየትኛው እንስሳ ሽል ነው? ሽል ነው ወይስ ግንድ ህዋስ? አርኤንኤው ታየ ብቻ ነው ወይስ ተወግዶ ውጤቱ ተለካ? ኤግዚስት በአይጥና በሰው መካከል ያሳየው ልዩነት ብቻ እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።